አማካይ የሚባል ዘለላ የለም

ከኬፕ ታውን በስተሰሜን፣ ስዋርትላንድ ውስጥ፣ ፓርድበርግ ተራራ ሥር ባለ፣ ሼኒን ብላን የተባለው ነጭ የወይን ዝርያ በተተከለበት አሮጌ ማሳ ላይ አንድ የየካቲት ማለዳ የተለካ ቁጥር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። 22.4 ብሪክስ፤ ብሪክስ በጭማቂው ውስጥ ያለውን ስኳር በመቶኛ የሚለካ ነው። ለደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት ለሌለው ነጭ ወይን ከዚህ የተሻለ የስኳር መጠን መመኘት ይከብዳል፤ እርሾ ሲበላው 13 ከመቶ ግድም አልኮል ይሰጣል፣ አሲዱም ገና አልሸሸም። ወረቀቱን ላየ ሰው ማሳው ለለቀማ ደርሷል። ናሙናው ግን ከማሳው ሁሉ ተቀላቅሎ የተሰበሰበ ነበር። በየግንዱ ተለይቶ ሲለካ አንዱ 19.8፣ አጠገቡ ያለው 24.6 ሆነ። 22.4 የሆነ ግንድ ተፈልጎ ታጣ።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ይከነክነኛል። ስለ አሮጌ ወይን የሚወራው ሁሉ ስለ ሥሩ ጥልቀትና ስለ ምርቱ ማነስ ነው፤ ማሳው ምን ያህል ዝብርቅርቅ እንደሆነ የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ከአሮጌ ማሳ ጥሩ ደረቅ ነጭ ወይን ማውጣት ማለት አብዛኛው ሥራው ይህን ዝብርቅርቅ መፍታት ነው ወደሚል ሐሳብ እያዘነበልኩ መጥቻለሁ። በርሜሉም፣ እርሾውም፣ አተላውም ተከታይ ናቸው።

አሮጌ ግንድ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ ማሳ "አሮጌ" ለመባል 35 ዓመት ይበቃዋል። ሮዛ ክሩገር የተባሉት የወይን እርሻ ባለሙያ በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቀሩትን ማሳዎች እየዞሩ መፈለግና መመዝገብ ጀመሩ፤ በ2016 ሥራው ኦልድ ቫይን ፕሮጀክት በሚል ስም ተቋም ሆነ። አሁን የተመሰከረለት ጠርሙስ ማሳው የተተከለበትን ዓመት የያዘ ማኅተም ይለጠፍበታል። ከእነዚህ ማሳዎች ትልቁን ድርሻ የያዘው ሼኒን ብላን ነው።

የተረፉት ተከብረው አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ ገበሬው ፍሬውን የሚያስረክበው ለኅብረት ሥራ መጥመቂያ ነበር፤ ክፍያው በኪሎና በስኳር ነው፣ ብዙው ሼኒንም ወደ ብራንዲ ማውጫ ይሄድ ነበር። በ1918 የተቋቋመው የወይን አምራቾች ማኅበር፣ ኬደብሊውቪ፣ የሚቆጣጠረው የኮታ ሥርዓት በ1992 ሲነሳና የውጭ ገበያ ሲከፈት፣ ብዙ ሰው ነጩን ነቅሎ ቀይ ተከለ። የቀረው ነቅሎ መትከሉ ወጪውን የማይመልስበት ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ለወይን ጠማቂ የሚመቸውም ያው መሬት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ቦታ ዝናቡ የክረምት ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ጠብ የሚል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ግንዶቹ ያለ መስኖ፣ ያለ ሽቦ ድጋፍ፣ እንደ ቁጥቋጦ ቆመው ነው የሚኖሩት። በየካቲት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲነካ፣ ሥሩ ገና ከላይ ያለ የአምስት ዓመት ተክል ውኃ ሲያጣ የቅጠሉን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ብስለቱ ይቆማል፣ ከባሰም ፍሬው ይጨማደዳል። አሮጌው ግን በፈረሰው ግራናይት ስንጥቅ ውስጥ ጠልቆ የወረደ ሥር ስላለው የሚያገኘው ውኃ ትንሽ ቢሆንም አይቋረጥም። በግንዱና በሥሩ ያጠራቀመው ስታርችም በመጥፎ ዓመት ይደግፈዋል። ጉልበቱ ስለቀነሰ ቅጠል አያበዛም፣ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ዘለላውም ሳሳ ያለ ስለሆነ ነፋስ ያልፍበታል፤ ስለዚህ መበስበሱ ይቀንሳል።

ከዚህ አልፎ "አሮጌ ግንድ በራሱ ጣዕም ይጨምራል" የሚለውን አባባል ስሰማ ቆም እላለሁ። ለ60 ዓመት መጥፎ ፍሬ የሚሰጥ ማሳ ማን ያቆየዋል? ተነቅሏል። ዛሬ ቆሞ የምናየው የተመረጠው ነው፤ እሱን ከትናንት ተከላ ጋር ማወዳደር የሩጫ አሸናፊዎችን ከመንገደኛው ሁሉ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። እርጅናው ሚና የለውም አልልም። ከፊሉ ምስጋና የእርጅናው ሳይሆን የቦታው እንደሆነ ግን መርሳት አይገባም።

ዋጋውን በቁጥር እንየው። አንድ ሄክታር ላይ 2,500 ጉድጓድ ነበር እንበል፤ ዛሬ በሕይወት ያለው 2,000 ነው። እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሰጥ 3 ቶን ይሆናል። ከቶን 600 ሊትር ጭማቂ ቢወጣ 1,800 ሊትር ነው፤ ዝቃጭና አተላ ተቀንሶ 1,600 ሊትር፣ ማለትም ከ2,100 ጠርሙስ ትንሽ ያልፋል። በሽቦ የተደገፈና መስኖ የሚጠጣ ወጣት ማሳ ከዚያው ሄክታር 15 ቶንና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ስለዚህ የአሮጌ ማሳ ፍሬ በኪሎ በወጣቱ ዋጋ ከተገዛ፣ ገበሬው መንቀያ ማሽን ቢጠራ አይፈረድበትም።

ማሳው እኩል የማይበስልበት ምክንያት

ቀዳሚው በሽታ ነው። ኬፕ ውስጥ ቫይረስ ያልገባበት አሮጌ ማሳ ብርቅ ነው። ቅጠል የሚጠቀልለው ቫይረስ ሚሊባግ በምትባል፣ ነጭ ሰም በለበሰች ትንሽ ተባይ ከግንድ ወደ ግንድ ይተላለፋል። ስኳር ከቅጠል ወደ ፍሬ የሚወርድበትን መስመር ስለሚያውክ ብስለቱ ሳምንት፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይዘገያል። ቀይ ዝርያ ላይ ቅጠሉ በመከር ስለሚቀላ በሽታው ከሩቅ ያስታውቃል። ሼኒን ላይ ግን ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጠርዙ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ያ ብቻ ነው። ያልለመደ ዓይን አይቶ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ምትክ ተክል ነው። የሞተ ግንድ በነበረበት ጉድጓድ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በፊት የተተከለ ወጣት፣ ከጎረቤቱ የተለየ ሥር፣ የተለየ ጥላ፣ የተለየ የውኃ ድርሻ አለው። በሙቀት ዓመት አንዳንዱ ቀድሞ ይጨማደዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ፍሬ አብዝቶ ስለተሸከመ ወደ ኋላ ይቀራል።

የግንድ ፈንገስም አለ። በክርከማ ቁስል ገብቶ እንጨቱን ከውስጥ እየገደለ ይሄዳል፤ አምስት ዋና ቅርንጫፍ የነበረው ግንድ በሁለት ይቀራል። ቅጠል ሲያንሰው ለዘለላው የሚደርሰው ስኳርም ያንሳል። ሌላው የዝርያ ቅልቅል ነው። የድሮ ገበሬዎች ችግኝ ሲያጡ ያገኙትን ይሰኩ ስለነበር ሼኒን በተባለ ማሳ መካከል ፓሎሚኖ ወይም ሴሚዮን ቆሞ ማግኘት የተለመደ ነው። ፓሎሚኖ ሲበስል አሲዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ጥቂት ሲሆን አይጎዳም፣ ሲበዛ ግን ወይኑን ያልፈሰፍሰዋል። የአፈሩ ጥልቀት ልዩነት ደግሞ የትም ማሳ ያለ ስለሆነ አላተትበትም።

የለቀማ ቀን

ናሙና የሚሰበስብ እጅ ያዳላል። ዓይን ወደ ወርቃማው ፍሬ ይሳባል፣ እጅም ይከተለዋል፤ በዚህ ምክንያት ናሙናው ከእውነተኛው መከር እስከ አንድ ብሪክስ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ማየት ማቆም ነው። በየረድፉ የተወሰኑ ግንዶችን ቀድሞ ምልክት ማድረግ፣ ከፀሐዩም ከጥላውም ወገን፣ ከዘለላው ጫፍም መሐልም ታችም ፍሬ ማንሳት፣ በጠቅላላ 200 ፍሬ መሙላት። አሮጌ ማሳ ላይ ይህም አይበቃም። ፍሬው በአንድ ከረጢት ከገባ በኋላ የሚወጣው አማካይ ስለ ማንም ግንድ የማይናገር ቁጥር ነው፤ ያ 22.4 እንዳልተናገረ ሁሉ።

የተሻለው መንገድ ግንዶቹን በጥር መጀመሪያ፣ ፍሬው መለስለስና ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር መለየት ነው። በዚያ ሳምንት ማሳውን የሚያቋርጥ ሰው ማን እንደቀደመና ማን እንደዘገየ በጣቱ ጭኖ ያውቃል። የቀደመው ላይ ቀይ ሪባን፣ የዘገየው ላይ ሰማያዊ፣ መሐል ያለው ያለ ምልክት። ያን ጊዜ የዘገየ ግንድ በየካቲትም አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገኘው፤ ሥራው ለጥቂት ሰዎች የአንድ ሁለት ቀን ነው። ብዙ ጠማቂዎች ሺህ ዩሮ አውጥተው በርሜል ሲገዙ ይህን ሪባን ሲዘሉት ሳይ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ጊዜ ይለካል። የምፈልገው ከ21.5 እስከ 23 ብሪክስ፣ ፒኤች (የአሲዱ ብርታት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.2 እስከ 3.4፣ አሲድ በሊትር ከ6 እስከ 7.5 ግራም ነው። ቁጥሩ ሲቀርብ አፍ ይሠራል። ፍሬውን አኝኮ ቆዳው አፍ ሳያደርቅ መፍረሱን፣ ዘሩ አረንጓዴነቱን ትቶ ቡናማ መሆኑን፣ ጭማቂው ከጥሬ ሣር ወደ ቢጫ ፖምና ወደ ኮክ መዞሩን ማየት ነው። እዚያ ቦታ በየካቲት አንድ ሞቃት ሳምንት ሁለት ብሪክስ ሊጨምርና በሊትር አንድ ግራም አሲድ ሊወስድ ይችላል። የሚሄደው በዋናነት ማሊክ አሲድ ነው፤ ተክሉ በሙቀት ያቃጥለዋል። ሌላው ዋና አሲድ፣ ታርታሪኩ፣ ብዙም አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ሐሳብ የሚጋጭብኝ። አንዱ "ሁሉንም በአንድ ቀን ልቀም፤ ጥሬውም የበሰለውም ተቀላቅሎ ነው ወይኑ ብዙ ገጽ የሚኖረው" ይላል። የድሮዎቹ እንዲህ ነበር የሚሠሩት፣ ጥሩ ወይንም ወጥቶላቸዋል። ሌላው ሁሉም በየብስለቱ ይለቀም ይላል። ቆይቼ የደረስኩበት መልስ ልዩነቱ ስንት ነው የሚለው ላይ የሚቆም ነው። የሁለት ብሪክስ ልዩነት ቅመም ነው፤ ወይኑን ያሳምራል። አምስት ሲደርስ ግን ሁለቱም ጫፍ ጉዳት ይዞ ይመጣል። ጥሬው መራራነትና ሹል ማሊክ ያመጣል፤ ያለፈበት ደግሞ ፒኤች ከፍ የሚያደርግ ፖታሲየምና እርሾ ጨርሶ የማይወጣው ስኳር። ሲደመሩ ይጣፋሉ የሚለው ተስፋ የሚሠራው በሒሳብ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። አፍ ውስጥ መራራውም ይሰማል፣ ማቃጠሉም ይሰማል።

ስለዚህ ቀይ ሪባኑ ቀድሞ፣ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ቆይቶ መሐሉ፣ በመጨረሻ ሰማያዊው ይለቀማል። የመጀመሪያው ዙር ሆን ተብሎ 21 አካባቢ ሊነሳ ይችላል፤ ከማሳው የተገኘ አሲድ ነው፣ ለኋለኞቹ ይጠቅማል። ታርታሪክ አሲድ መጨመር በደቡብ አፍሪካ የተፈቀደ ነው፤ በሊትር አንድ ግራም ፒኤቹን 0.1 ገደማ ያወርዳል። ከተጨመረም ከመፍላቱ በፊት ጭማቂው ላይ ይሁን፤ ያለቀ ወይን ላይ ሲገባ ከሌላው ጣዕም ተነጥሎ ምላስ ላይ ይቆማል። በእኔ ሚዛን ግን ቀድሞ የተለቀመ ቅርጫት ከዱቄቱ ይሻላል።

ሦስት ዙር ማለት ሦስት ጊዜ ለቃሚ መጥራት ነው፤ ወጪ ነው። ለቃሚውም በአንድ ቀን ጨርሶ ወደ ሌላ ማሳ ማለፍ ይፈልጋል። የሚያጣድፈው ብዙ ነው፤ የሙቀት ማዕበል ትንበያ፣ የቀዝቃዛ ክፍሉ ወረፋ፣ የጎረቤት መከር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና፣ በዚህ ጥድፊያ የተቀላቀለን ፍሬ በኋላ በጓዳ ውስጥ የሚለይ መሣሪያ የለም።

ለቀማው ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ሙቀቱ ሳይበረታ ያልቃል። ፍሬው ከ20 ኪሎ በማይበልጥ ሣጥን ይጓዛል፤ ከዚያ በላይ ሲከመር የታችኛው ይፈርጣል፣ የፈረጠው በሙቀት መፍላት ይጀምራል። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያድርና በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ወደ መጭመቂያው ይሄዳል።

መጭመቂያው ላይ ምላስ ያስፈልጋል

ዘለላው ከእንጨቱ ሳይለይ እንዳለ ይጨመቃል። እንጨቱ ለጭማቂው መውረጃ መንገድ ይከፍትለታል፣ ግፊቱም ዝቅ ብሎ ይበቃል። መጀመሪያ የሚወርደው ጥቂት ሊትር ከፍሬው ላይ ያለውን አቧራ ያጠበ ስለሆነ ለብቻ ይያዛል። ቀጥሎ ከቶን እስከ 500 ሊትር ድረስ የሚወርደው ልቡ ነው። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ከፍ ሲል ከቆዳው ፖታሲየምና አፍ የሚያደርቅ ነገር መውጣት ይጀምራል። ፒኤቹ ከመጀመሪያው 0.2 ያህል ሲነሳ ወይም ምላስ ጎን መራራነት ሲሰማ ጭማቂው ወደ ሌላ ዕቃ ይዞራል። በየ10 እና 15 ደቂቃው መቅመስ ግድ ነው፤ መጭመቂያው ላይ ያለው የፋብሪካ ፕሮግራም ይህን አያውቅም። ሁለተኛው ጭማቂ አይጣልም። ለብቻው ይፈላል፣ በኋላ ተቀምሶ ከፊሉ ሊመለስ ይችላል።

ፍሬው ንጹሕ ከሆነ ጭማቂው ላይ ሰልፈር (ወይኑን የሚጠብቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ) አይደረግም። ቡናማ ይሆናል፤ ያየው ጀማሪ ይደነግጣል። የሚቡናማው በኋላ ሊያስቸግር የሚችለው፣ ከፍሬው የሚወጣው ፌኖል የተባለ ውሁድ ነው፤ አሁን ኦክስጅን ሲያገኝ ተበላሽቶ ይዘቅጣል፣ ፍላቱ ሲያልቅ ወይኑ ቀለሙን ያጠራል። ሻጋታ የነካው ፍሬ ካለ ግን ይህ አይሠራም። የሻጋታው ኢንዛይም ወይኑንም ጭምር ማቡነኑን ስለማይተው በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወዲያው ያስፈልጋል።

ጭማቂው በ10 ወይም በ12 ዲግሪ አንድ ሌሊት ይቀመጥና ወፍራሙ ይዘቅጣል። ድፍርስነቱ ከ100 እስከ 200 ኤንቲዩ ቢቀር ጥሩ ነው። ከ50 በታች ከጠራ እርሾው የሚመገበው ቅባት ያጣና ፍላቱ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ከ300 በላይ ከሆነ ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይከተላል።

ፍላቱ

አሮጌ ግንድ በደሃ አፈር ላይ ሲኖር ጭማቂው ናይትሮጅን ያንሰዋል። እርሾ የሚጠቀምበት ናይትሮጅን በሊትር ከ140 ሚሊግራም በታች ከሆነ ፍላቱ ይሰንፋል፣ ይሸታልም። ስለዚህ መለካት እንጂ መገመት አይበጅም። ዲያሞኒየም ፎስፌት የተባለው የእርሾ ምግብ በሊትር 100 ሚሊግራም ሲደረግ 21 ሚሊግራም ገደማ ናይትሮጅን ይጨምራል። ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ማፍሰስ እርሾውን አብዝቶ ሙቀት ያፈላዋል፤ ከፊሉን ስኳሩ ሢሶ ሲቀንስ መስጠት ይሻላል። አልኮሉ 10 ከመቶ ካለፈ በኋላ የሚሰጠው ግን እርሾው ስለማይወስደው የሚጠቅመው ለሌላ ተሕዋስያን ነው።

የተገዛ እርሾ የማይፈልግ ሰው ከለቀማው ሳምንት ቀደም ብሎ ከዚያው ማሳ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ጤነኛ ፍሬ ለቅሞ ጨምቆ ያስነሳል፤ ሲፈላ ቀምሶና አሽትቶ ንጹሕ ከሆነ ከዋናው ጭማቂ ከ2 እስከ 5 ከመቶ ያህል ይጥለዋል። ጥንስስ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም ኮምጣጤ ከሸተተ ይደፋል፤ "በኋላ ይስተካከላል" የለም።

ሦስቱ ዙር በየራሳቸው በርሜል ይፈላሉ። አዲስ በርሜል ለዚህ ወይን አይሆንም ባይ ነኝ። ቫኒላና ጭስ ከሚጨምር ይልቅ ሦስት አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ፣ የ500 ሊትር የኦክ በርሜል ይሻላል። ትልቅነቱ ከእንጨቱ የሚነካውን ወይን ያሳንሳል። ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይሁን። በ12 ዲግሪ በብረት ታንከር የሚፈላው ሙዝና ከረሜላ የሚሸት ወይን ይሰጣል፤ ለወጣት ማሳ ፍሬ ያስኬዳል፣ ለዚህኛው ግን የፍሬውን ጠባይ ይሸፍናል።

በየቀኑ የጭማቂው እፍጋት (ስኳሩ ሲቀንስ የሚወርደው) ሃይድሮሜትር በተባለ ተንሳፋፊ መለኪያ ይለካል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን አንድ ወይም ሁለት ብሪክስ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ግን ይንቀራፈፋል። እርሾ ግሉኮሱን አስቀድሞ ስለሚጨርስ ወደ መጨረሻው የሚቀረው ፍሩክቶስ ነው፤ አልኮሉ በርትቶበት የደከመ እርሾ እሱን ለመጨረስ ይቸገራል። አንዳንድ በርሜል ክረምቱን ሙሉ እየተንፈቀፈቀ ይከርማል። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ቢባልም፣ ዝም ብሎ መጠበቅና እየተከታተሉ መጠበቅ ለየቅል ናቸው። በርሜሉ ሞልቶ መያዝ፣ ክፍሉ ከ16 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ማድረግ፣ በየሁለት ሳምንቱ ተናኝ አሲዱን (የኮምጣጤውን አሲድ) መለካት። ተናኝ አሲዱ እየጨመረ ስኳሩ ካልወረደ ባክቴሪያ ስኳሩን እየበላ ነው ማለት ነው፤ ያኔ በደንብ ከሚፈላ በርሜል አተላ ወስዶ ማገዝ ወይም ሰልፈር አድርጎ ማቆም ይወሰናል።

ሃይድሮሜትሩ ዜሮ ሲያሳይ ወይኑ ደርቋል ማለት አይደለም። አልኮል ከውኃ ስለሚቀል የደረቀ ወይን ከዜሮ በታች፣ አንድ ተኩል ያህል ወርዶ ነው የሚታየው። የደቡብ አፍሪካ ሕግ በሊትር እስከ 5 ግራም ስኳር ያለውን ደረቅ ይለዋል። እኔ ከ2 በታች እንዲሆን እመርጣለሁ፤ ያ ደግሞ የሚረጋገጠው በቤተ ሙከራ ነው።

አተላው፣ ሰልፈሩ፣ ጠርሙሱ

ፍላቱ ሲያልቅ በርሜሉ እስከ አፉ ይሞላል። ወይኑ አተላው ላይ ከ9 እስከ 11 ወር ይቆያል። ማማሰል ላይ ቁጥብ ነኝ። አተላውን በየሳምንቱ ማማሰል ወይኑን ያወፍራል፤ ፀሐይ የበዛበት አገር ሼኒን ግን ውፍረት አልቸገረውም፣ የሚያስፈልገው ጥራትና ስለት ነው። ሽታው ከተበላሸ ወይኑ ከአተላው ላይ ይነሳል።

ፒኤች ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቅ እዚህ ላይ ይታያል። ወይኑን ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ውስጥ የሚሠራው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ያም በፒኤች ይወሰናል። በሊትር 0.8 ሚሊግራም የሚሠራ ሰልፈር ለማግኘት ፒኤቹ 3.3 ከሆነ 26 ሚሊግራም ያህል ነጻ ሰልፈር ይበቃል፤ 3.6 ከሆነ 50 ይፈልጋል። ያለፈበት ፍሬ በአንድ ቅርጫት ተቀላቅሎ ሲገባ የሚከፈለው ዕዳ ይኸው ነው፤ እጥፍ ሰልፈር።

ማሊክ አሲዱ በባክቴሪያ ወደ ለስላሳው ላክቲክ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ የሚለው እንደ ዙሩ ነው። ቀይ ሪባን የነበረው በርሜል ቢለወጥ አይከፋም። የመጨረሻው ዙር አሲዱ ቀድሞም አነስተኛ ከሆነ ቶሎ በሰልፈር ይቆማል። ቅልቅሉ የሚወሰነው ከክረምቱ በኋላ፣ በርሜሎቹ ጎን ለጎን ተቀምሰው ነው። ከጠርሙስ በፊት ሁለት ፈተና ይቀራል። አንዱ ናሙናን በ80 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ማሞቅ ነው፤ ከደፈረሰ ፕሮቲን አለው፣ ፕሮቲኑን ይዞ የሚዘቅጥ ቤንቶናይት የተባለ የሸክላ አፈር ይፈልጋል። መጠኑ በትንሽ ብርጭቆ ተሞክሮ ይለይ፣ ሲበዛ ጣዕም ይወስዳልና። ሌላው ቅዝቃዜ ነው፤ ከዜሮ በታች ሲቀመጥ የታርታሪክ ጠጠር ካወጣ በጠርሙስ ውስጥም ያወጣል። ጠጠሩ ጉዳት የለውም፤ የሚያሳስበው ጠርሙስ መላሽ ደንበኛ ነው።

የቀረው የክርከማው ወቅት ጥያቄ ነው። በሐምሌ ማሳው ባዶ ሲሆን የሞቱት ይቆጠራሉ፤ ጉድጓዱ በምን ይሞላ? ከዚያው ማሳ ከተቆረጠ እንጨት የሚራባ ችግኝ የአሮጌውን ልዩነት ይዞ ይቀጥላል፣ ቫይረሱንም ይዞ ይቀጥላል። ከተመሰከረ ችግኝ ቤት የሚመጣው ንጹሕ ነው፤ ግን አንድ ዓይነት ነው፣ ሚሊባግ እስካለች ንጽሕናውም የጥቂት ዓመት ነው። የእኔ ምርጫ ከጥሩዎቹ አሮጌ ግንዶች እንጨት ወስዶ፣ ለቫይረስ አስመርምሮ፣ ነጻ የወጣውን ብቻ ፊሎክሴራ የተባለውን ሥር በል ተባይ በሚቋቋም ሥር ላይ ማዳቀል ነው። ዘገምተኛ ነው፣ ከተመረመረውም ብዙው ይወድቃል። የተተከለው ላይ ዓመቱ የተጻፈበት የማይዝግ ቁራጭ ብረት ይንጠልጠልበት፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ፍሬውም ወደ ዋናው በርሜል ሳይገባ ለብቻው ይፍላ።